የጥር ሰርግና የጋሼ «ኮምፕረሶር»

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ስትጠብቁ ዓይናችሁ ሥራ ሲፈታ የመኪና ጀርባ ማንበብ ይጀምራል። ከዚህ ንባብ አንዱ አንዳንድ መርሰዲሶች ከኋላቸው የለጠፉት «ኮምፕረሶር» የሚለው ቃል ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ «መኪናው የራሱ ጎማ መንፊያ አለው ማለት ነው» እያለ ለዓመታት ሲያስረዳን ኖሯል። ጎሚስታው ጋ ያለው የሚንጫጫ ታንክ ኮምፕሬሰር ይባል የለ? ሌላው ደግሞ «ኤሲ አለው ለማለት ነው» ባይ ነበር። የሚገርመው ጎሚስታውን የጠቀሰው ልጅ ብዙም አልራቀም። ነገሩ እውነትም አየር መንፊያ ነው። የሚነፋው ግን ጎማውን ሳይሆን ሞተሩን ነው።

ጓደኞቼ እዚህ ገጽ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፊልምና ስለ ፍቅር ሲጽፉ እኔ ስለ ሁለት ቁራጭ አሉሚኒየም ልጽፍ መነሳቴ ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን በ2017 ዓ.ም. ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መግቢያ ድረስ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ በእነዚህ ሁለት አሉሚኒየሞች ላይ ተንጠልጥሎ ከርሟል። እኔም በጋዜጠኝነት ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ሰው ስለነበርኩ ጊዜው ነበረኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አብሬ ከረምኩ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በከባድ መኪና መካኒክነት ነው። ጡረታ ሲወጡ ያጠራቀሟትን ጥሪት አራግፈው እ.ኤ.አ. የ2004 ስሪት የሆነች፣ ብርማ ቀለም ያላት ሲ 180 ኮምፕረሶር ገዙ። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ለሰርግ ነው የሚያከራዩዋት። ጥርና ሚያዝያ ላይ አበባና ሪባን ተደርጎባት ሙሽራ ታመላልሳለች፤ በቀረው ጊዜ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ትተኛለች። ጡረታው ለቀለብ ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤትና የቤቱን ኪራይ የሚከፍሉት ሙሽሮች ናቸው።

ታዲያ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙሽሮች ይዛ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ለፎቶ ስትወጣ አቃሰተች። ጋሼ ነዳጅ ይሰጣሉ፣ እሷ ድምፅ ትሰጣለች፣ ጉልበት ግን የለም። አጃቢ ሚኒባሶቹ ጡሩምባ እየነፉ አለፏት። ሙሽራ የያዘ መኪና በአጃቢው ሲታለፍ ምን ማለት እንደሆነ ሰርግ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሼ የዚያን ቀን ቤት ሲገቡ እራት አልበሉም።

በማግስቱ የወሰዷት ጋራዥ በኮምፒውተር መረመረና «ሱፐርቻርጀሩ አልቋል፣ ሙሉው ይቀየር» አለ። ዋጋውን ሲነግሯቸው እሳቸው የሰሙት የሁለት ዓመት ጡረታቸውን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ 120 ገደማ ደርሶ ነበርና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። «ታዲያ ትሸጥና ሌላ ይገዛ» እንዳትሉ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እዚህ ያለው መኪና እዚሁ ይጠገናል፣ አለዚያ እዚሁ ይቆማል። ሶማሌ ተራ ሄደን ያገኘነው አሮጌ ሱፐርቻርጀር ደግሞ ዘንጉ በእጅ ሲነካ የሚንገዳገድ ነበር። ጋሼ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዞሩት፣ አዳመጡት፣ መለሱለት። «የራሴ በሽተኛ ይሻለኛል» አሉ።

*

እስቲ ስለዚህ በሽተኛ ትንሽ ላውራችሁ።

ሞተር በአጭሩ አየር በላተኛ ነው። ቤንዚን እንደ ልብ ማጠጣት ይቻላል፤ ሁልጊዜ የሚያጥረው አየሩ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ፣ ይበልጥ ይሳሳል። ሯጮቻችን እዚያ የሚለማመዱት ሰውነታቸው ለስስ አየር ብሎ ብዙ ቀይ የደም ሴል ስለሚያመርት ነው። መኪና ደም አያመርትም። አየር መንፊያ የሌለው ሞተር ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ ጥሎ ይገባል። ስለዚህ ጀርመኖች ለፍጥነት ብለው ያስገቡት ኮምፕረሶር ለእኛ ትርፍ አይደለም፤ የጎደለውን የሚመልስ ነው።

የሐሳቡ አባቶች የመኪና ሰዎች እንኳ አልነበሩም። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ የሱፍ ፋብሪካ የነበራቸው የሩትስ ወንድማማቾች በውኃ የሚዞር የተሻለ ማሽን ሲፈልጉ ነው ያገኙት። ውኃ ሊያዞረው የታሰበው ነገር ሲያዞሩት ነፋስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብት አስመዘገቡበት፤ ከዚያም ለብረት ማቅለጫና ለማዕድን ጉድጓድ አየር መንፊያ ሆነ። መርሰዲስ መኪና ላይ ገጥሞ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1921 በርሊን ላይ ነው። የጋሼ መኪና ላይ ያለው የአሜሪካው ኢተን ኩባንያ ሥራ ሲሆን ስሙ ኤም 45 ይባላል። 45 ማለት አንዴ ሲዞር የሚገፋው አየር በኩቢክ ኢንች ነው፤ ወደ 0.74 ሊትር ይሆናል። ሞተሩ 1.8 ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚውጠው ግማሹን፣ 0.9 ሊትር ነው። ሞተሩ አንዴ ሲዞር መንፊያው በችንጋ እየተጎተተ ሁለቴ ቢዞር 1.5 ሊትር ያህል ያቀብለዋል። የተረፈው አየር መሄጃ ሲያጣ ይታመቃል። ጉልበት የሚባለው እሱ ነው።

ውስጡ ሁለት ሮተሮች አሉ። እያንዳንዱ ሦስት ክንፍ አለው፤ ክንፎቹ እንደ ሹሩባ በትንሹ ተጠማዝዘዋል። የአንዱ ክንፍ በሌላው ሸለቆ ውስጥ እየገባ በደቂቃ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞሩ ይችላሉ፤ ግን አይነካኩም። ዘንጋቸው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሳም ማርሾች ልክ ልካቸውን ይዘው ያዞሯቸዋል። በሮተሮቹ መካከልም ሆነ በሮተሮቹና በቤታቸው መካከል ያለው ክፍተት የፀጉር ያህል ነው። ክፍተቱን የሚያጠበው ደግሞ አሉሚኒየሙ ላይ የተጋገረ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲላጥ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የተገፋው አየር ተመልሶ ያመልጣል፣ ሲመላለስም ይግላል። መኪናዋ እንጦጦ ላይ ያቃሰተችው በዚህ ነው። በሽታዋ ይኼው ነው፦ የ0.1 ሚሊሜትር ልብስ።

*

ጾመ ነቢያት ሲገባ ሰርግ ይቆማል፤ ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው። ጋሼ ግቢው ውስጥ ከላሜራ ጥላው ሥር ሞርሳቸውን ተከሉ፣ የጎረቤቱን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለረዳትነት ጠሩ፣ እኔን ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው «አንቺ ጻፊ» አሉኝ።

ብሎኖቹ ተፈቱ፣ ዘይቱ ወጣ። ጋሼ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ እየመቱ አፍንጫውን፣ ማለትም ፑሊው ያለበትን የፊት ክፍል፣ አላቀቁ። ከዚያ ሁለቱ ሮተሮች ከነተሸካሚ ሳህናቸው ተስበው ወጡ። እኔ እንኳ ሳይነገረኝ ገባኝ። ከፊሉ ክንፍ ጥቁርና ልስልስ ነው፤ ከፊሉ እንደ ከሸከመ ግድግዳ ተልጦ አሉሚኒየሙ ያበራል።

ጋሼ ምንም ከመንካታቸው በፊት ማርሾቹ ላይ በሹል ብረት ነጥብ መቱ፤ የትኛው ጥርስ ከየትኛው ጋር እንደነበረ ምልክት ነው። ቀጥሎ ልኬት። ማይክሮሜትራቸው አባቴ ከሞቱ በኋላ እናቴ የሰጠቻቸው የአባቴ ዕቃ ነው። እያንዳንዱን ክንፍ በሦስት ቦታ፣ ሽፋኑ ያለበትንም የተላጠውንም እየለኩ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን በአንድ ምንጭ ዜና አይሠራም እያሉ ነፍሳችንን ያወጡት ነበር። ጋሼም እንዲሁ ናቸው። አንዴ እሳቸው ይለካሉ፣ አንዴ ልጁ ይለካል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ እለካለሁ። «ማይክሮሜትሩ አይዋሽም፤ የያዘው እጅ ነው የሚዋሸው» ይላሉ። ልጁ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን እሳቸው ካሉት ጋር እንዲገጥም እያደረገ ይናገር ነበር፤ አክብሮት መሆኑ ነው። ጋሼ አወቁበት። ከዚያ ወዲያ ልጁ እንዲለካ የሚያደርጉት እሳቸው ፊታቸውን አዙረው፣ ቁጥራቸውንም ሳይናገሩ ሆነ።

አሮጌውን ሽፋን ማንሳት ሳምንት ፈጀ። አንድ ጎረቤት «ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ንከሯቸው፣ ሲያድር ይለቃል» አሉ። ጋሼ ደነገጡ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ራሱን ይበላል። በቀለም ማላቀቂያ ኬሚካል ነው የተሠራው፤ እሱም ቢሆን ሜዳ ላይ፣ በጓንትና ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ። ብዙዎቹ ማላቀቂያዎች ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባል ነገር አለባቸው፤ እንፋሎቱ ዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አሜሪካኖች ለግል ተጠቃሚ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የከለከሉትም ለዚህ ነው። የቀረውን በእንጨት ፍቀው፣ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። በብረት መፋቂያ አልነኩትም፤ አንድ ጭረት ለሁልጊዜው ጭረት ነው።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ፦ በምን ይሸፈን? ኢተን መጀመሪያ ላይ ይጠቀም የነበረው ኢፖክሲ ዱቄት ነው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ይጋገራል። በኋላ ያወጣቸው ደግሞ ግራፋይት ያለበት ሽፋን ነው የሚለብሱት። የግራፋይቱ ብልኃት ደስ ይላል፤ ሆን ተብሎ ወፈር ተደርጎ ይቀባና ሲዞሩ እርስ በርስ ተሟሽተው የየራሳቸውን ክፍተት ራሳቸው ያበጃሉ። እሱን ከየት እናምጣ? ኢፖክሲ ዱቄቱ ግን የብረት ወንበርና ቁም ሳጥን የሚሠሩ ቤቶች ጋ አለ። ጋሼ የሚያውቁት ባለሙያ መርጫውን ለአንድ ቅዳሜ አዋሳቸው። «ግራፋይቱ ራሱ የሚሠራውን እኛ በእጃችን እንሠራዋለን» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጋገሪያውስ? ልጁ ወደ እትዬ የዳቦ ምድጃ ጠቆመ። እትዬ ያዩት አስተያየት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። እሳቸውም ልክ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር የተጋገረበት ምድጃ ምግብ ሊጋገርበት አይገባም። በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ላይ «ቆራሊዮ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እግዜር ሲያዝ እንዲህ ነው፤ ከጋሪው ላይ መስታወቷ የተሰበረ አንዲት አሮጌ ምድጃ ወረደች። ጋሼ የማሞቂያ ሽቦዋን ቀይረው፣ በሩን በላሜራ ደፍነው ውስጧ ቴርሞሜትር ሰቀሉላት።

ቅዳሜ ሮተሮቹ በአሴቶን ታጠቡ፣ ዘንጎቻቸውና ኩሽኔታ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ሙቀት በሚችል ፕላስተር ተጠቀለሉ፣ ዱቄቱ ተረጨ። 200 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ። ግቢው ውስጥ ማንም አይናገርም። እኔ ሰዓት እጽፋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ…

መብራት ሄደ።

አዲስ አበባ የምትኖሩ ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ማብራራት አያስፈልጋችሁም። ጋሼ አልተናገሩም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያዩ ቆዩ። እኔ ያኔ ነው ደብተሩን ዘግቼ የጥር ሰርጎችን መቁጠር የጀመርኩት፤ ሰባት ሰው ቀብድ ከፍሏል። የአንዱ ቀብድ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ገብቷል፣ መመለሻ የለውም። መብራት የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ከምድጃው ሳያወጡ እንደገና ሙሉ 20 ደቂቃ ጋገሩ። ሲበርድ ነጭ ጨርቅ አሴቶን ነክረው ክንፉ ላይ ሃምሳ ጊዜ አሹት። በደንብ ያልበሰለ ኢፖክሲ በዚህ ይፈተናል፤ ይለሰልሳል፣ ጨርቁን ያቀልማል። ሃምሳውን ጮክ ብለን ቆጠርን። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። እትዬ እልል አሉ።

*

እልልታው ግን ትንሽ ቀደመ። የተሸፈኑት ሮተሮች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አልገቡም።

ምክንያቱን የተረዳነው ከደብተሩ ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ስለሚሳብ ሹል ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ለመግባት ይሰንፋል። በዚህም ክንፎቹ ጫፍ ላይ ወፍሯል፣ ሥራቸው ላይ ስስ ነው። ቁጥሮቹን ከመጀመሪያዎቹ ጎን ስናስቀምጥ በየትኛው ክንፍ የትኛው ጠርዝ ስንት መቶኛ ሚሊሜትር እንደተረፈው አንድ በአንድ ይታያል። ያ ደብተር ባይኖር ጋሼ በግምት ሊሞርዱ ነበር። በግምት የተሞረደ ክንፍ ደግሞ አንድም አየር ያሳልፋል፣ አለዚያ በ10 ሺህ ዙር ጓደኛውን ይነካል፤ ከዚያ የአሉሚኒየሙ ብናኝ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ያኔ የሚጠፋው የአንድ ጥር ገቢ ብቻ አይደለም፤ መኪናዋም አብራ ትሄዳለች።

ግራፋይቱ በራሱ የሚሠራውን በእጅ የመሥራት ነገር እዚህ ላይ ገባኝ። አሥር ቀን። ባለ 600 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 1,000፣ በውኃ። አምስት ጊዜ ማሸት፣ መጥረግ፣ መለካት፣ መጻፍ። አምስት ጊዜ ማሸት፣ መጥረግ፣ መለካት፣ መጻፍ። የጋሼ ቀኝ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን መቶኛዎች ልጁ ነው የሠራቸው፣ እሳቸው በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ «እዚህ… ወደ ራስህ… በቃ» እያሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሮተር በሁለት ስል ብረቶች ላይ አስተኝተው ለቀቁት። ከባድ ጎን ካለው ያ ጎን ዞሮ ወደ ታች ይመጣል። ባስቀመጡት ቦታ ሁሉ ዝም ብሎ ቆመ።

የሚቀጥለው እጅግ የሚፈራው ነበር፦ ማርሾቹን መመለስ። ሁለቱ ሮተሮች አንዱ በሌላው ሸለቆ ልክ መሃል ላይ መዞር አለባቸው። ጋሼ በክንፎቹ ግራና ቀኝ እኩል ውፍረት ያላቸውን የፊለር ጌጅ ምላሶች አስገብተው ሮተሮቹን አስያዙ፤ ማርሹን አግለው፣ ነጥቦቹን አስተያይተው፣ ዘንጉ ላይ በአንድ ትንፋሽ አወረዱት። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው ያለው፤ ማርሹ በርዶ ከያዘ በኋላ «ትንሽ ወደዚህ» የለም። ከዚያ በእጅ አዞሩት። ጆሯችንን አስጠጋን። የዘይትና የብረት ሹክሹክታ አለ፣ የመፋቅ ድምፅ ግን የለም። የፊለር ጌጁን በየክንፉ አስገብተን ለካን፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ያን ገጽ እስካሁን አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ።

ኩሽኔታዎቹና ኦይል ሲሎቹ ከሶማሌ ተራ በቁጥራቸው ተፈልገው አዲስ ገቡ። የመንፊያው ዘይት ከሞተሩ ዘይት የተለየ ነው፤ መጠኑም ከሁለት የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው «ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው» ተብሎ ስለሚነገረው አይቶት አያውቅም። ጋሼ ሲከፍቱት የወጣው ጥቁርና የሚሸት ነበር። «ዕድሜ ልክ ሲሉ የማንን ዕድሜ ነው?» አሉ።

*

ገና አልፎ ሰኞ ጠዋት ፈተናው ደረሰ። ጋሼ «ባዶዋን ብትወጣ ማስረጃ አይሆንም፣ ሰው ይጫን» አሉ። ልጁ ከፊት ገባ፣ እኔ ከኋላ። እትዬ «እኔ ምን ላደርግ» ብለው ሲግደረደሩ ቆይተው ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ በስተቀኝ፣ ሙሽራ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ። ያቺ መኪና በእነሱ እጅ ከገባች ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጠው እንደማያውቁ የነገሩኝ ሽሮ ሜዳን ስናልፍ ነው። ሁልጊዜ የሰው ልጅ ነው የሚቀመጥበት። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ አዲስ ሲያዩ ነበር።

መኪናዋ ወጣች። ነዳጅ ሲሰጣት ከወትሮው ቀጠን ያለ ፉጨት ነበራት፤ ጋሼ ፉጨቱን ለማዳመጥ ሬዲዮ አጠፉ፣ መስኮት ከፈቱ፣ እኛንም ዝም አሰኙን። ጥቅምት ላይ ያቃሰተችበት ጠመዝማዛ ላይ አንድ ሚኒባስ ከፊታችን ነበር። ጋሼ አላለፉትም። «ማለፍ ትችላለች፣ አውቄዋለሁ፣ በቃ» ብለው ከኋላው ተከተሉ። ልጁ በጣም ተናደደ።

በዚያ ጥር ሰባቱም ሰርግ ተሠራ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጋሼ እንደገና ፈትተው አዩት። አንድ ክንፍ ጫፍ ላይ ሽፋኑ ትንሽ አብለጭልጯል፣ ያ ማለት ለጥቂት ተነካክቷል። ሌላው እንደነበረ ነው። ያንንም ለክተን ጻፍን። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው አልልም፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚነግረን የሚቀጥለው ልኬት ነው።

ነገር ግን ስለዚህ ሥራ ስጽፍ የከበደኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱን ነግሬያችሁ ላብቃ። ደብተሩን ለልጁ በኮምፒውተር ልገለብጥለት ስቀመጥ ቃል አጣሁ። ጋሼ ሲሠሩ ግማሹን የሚናገሩት በእጃቸው ነው። የቀረው ጣሊያን ትቶልን የሄደው ነው፦ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ችንጋ፣ ካቻቢቴ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቃ ስም የለውም፤ «ይቺን»፣ «ያቺን»፣ «እዚያ ጋ ያለችዋን» ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቃል ስማር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የሮተር ክንፍ ጫፍና ሥር ምን እንደሚባል ግን አላውቅም ነበር። ጋሼን ስጠይቃቸው «ምን ስም ያስፈልገዋል፣ አሳየዋለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ የማስበው እሳቸው ማሳየት የማይችሉበትን ቀን ነው። እሱን ለእሳቸው አልተናገርኩም። ልጁን ጠርቼ አብረን ስም አወጣን፦ ጫፍ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ሸለቆ። ጋሼ አነበቡትና «ትከሻ» የሚለውን ሰርዘው «ጉልበት» አሉት፤ «የሚገፋው እሱ ነው» ብለው። እኛም ተቀበልን።

አሁን ልጁ ቤት ውስጥ 41 ገጽ የታተመ ወረቀት አለ። ሥራው ከጋሼ ጋር የጀመረው ሁለተኛ መኪና ላይ ነው፤ የሰው መኪና፣ በክፍያ። የወረቀቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ እኔ ርዕስ ልጽፍበት ባሰብኩት ቦታ፣ ጋሼ በእጃቸው ጽፈውበታል፦ «ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይታይ።»

ኮምፕረሶር ያላችሁ አስዩት። የሌላችሁም ታክሲ ስትጠብቁ የመኪና ጀርባ ማንበባችሁን አታቁሙ።